የጤና ተቋማትን በአደረጃጀት ዛፍ ውስጥ ማዛወር፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና ጥንቃቄዎቹ

መግቢያ

የአስተዳደር እርከን በሚለወጥበት ጊዜ ሁሉ የጤና መረጃ ሥርዓቱም አብሮ መስተካከል ይኖርበታል። አንድ ወረዳ ከአንድ ዞን ወደ ሌላ ዞን ሲካለል፣ ወይም የአንድ ጤና ኬላ ተጠሪነት ከአንድ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላ ሲዛወር፣ በሕንፃውም ሆነ በአገልግሎቱ ላይ የሚታይ ለውጥ ላይኖር ይችላል። በመረጃ ሥርዓቱ ውስጥ ግን ተቋሙ የተመዘገበበት ቦታ ካልተስተካከለ ሪፖርቱ ለማይመለከተው አካል ይደርሳል፤ ቁጥሩም በማይገባው ድምር ውስጥ ይካተታል። ማስተካከያው በተሳሳተ መንገድ ከተከናወነ ደግሞ ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል፤ ተቋሙ ለዓመታት ካከማቸው መረጃ ይለያያል።

ይህ ጽሑፍ በአገራችን የጤና ተቋማት ሥራ ላይ በሚገኘው በዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2 የመረጃ ሥርዓት ውስጥ ተቋማትን ከአንድ እርከን ወደ ሌላ ለማዛወር የሚያገለግለውን መሣሪያ ያስተዋውቃል። የተዘጋጀው ለወረዳ፣ ለዞንና ለክልል የመረጃ ባለሙያዎች፣ ለዕቅድና ክትትል ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ከሥርዓቱ የሚወጡ ሪፖርቶችን ለሚጠቀሙ ተመራማሪዎች ነው። ለማብራሪያነት የላይ አርማጭሆ ወረዳና የወረዳው ዋና ከተማ ትክል ድንጋይ በአብነት ተወስደዋል።

ስለ ሥርዓቱ በአጭሩ

ዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2 የጤና መረጃን ለመሰብሰብ፣ ለማጠናቀርና ለመተንተን የሚያገለግል ነፃና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ የወረዳ ጤና መረጃ ፕሮግራም ሲሆን፣ ዛሬ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት እየበለጸገ በበርካታ ታዳጊ አገሮች ይሠራበታል። በኢትዮጵያ የመረጃ አብዮት ከመጀመሪያው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዋና ዋና አጀንዳዎች አንዱ ሆኖ ከተያዘ በኋላ፣ ሥርዓቱ በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ ሥራ ገብቷል።

በሥርዓቱ የሚገባ ማንኛውም ቁጥር ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ ምን እንደተቆጠረ፣ መቼ እንደተቆጠረና የት እንደተቆጠረ። የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ሦስተኛው፣ ማለትም «የት» የሚለው ነው።

የአደረጃጀት ዛፍ ምንድን ነው?

በሥርዓቱ ውስጥ «የት» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በአደረጃጀት ዛፍ አማካኝነት ነው። ከላይ አገር አቀፉ እርከን አለ፤ ከሥሩ ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች፣ ከእነርሱ ሥር ዞኖች፣ ከዞኖች ሥር ወረዳዎች፣ ከወረዳዎች ሥር ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች፣ ከጤና ጣቢያዎች ሥር ደግሞ ጤና ኬላዎች ይገኛሉ። በገጠር በተለምዶ አንድ ጤና ጣቢያና በዙሪያው የሚገኙ አምስት ጤና ኬላዎች አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ክፍል ይመሠርታሉ።

ጤና ኬላው የመዘገበው ክትባት በጤና ጣቢያው ድምር ውስጥ ይታያል፤ የጤና ጣቢያው በወረዳው፣ የወረዳው በዞኑ፣ የዞኑ በክልሉ፣ የክልሉም በአገር አቀፉ ድምር ውስጥ ይካተታል። ይህን ድምር የሚሠራው ሥርዓቱ ራሱ ነው። የሚደምረውም እያንዳንዱ ተቋም በዛፉ ላይ የተመዘገበለትን ቦታ ተከትሎ ብቻ ነው። ቦታው ትክክል ካልሆነ ከዚያ በላይ ያለው ድምር ሁሉ ይሳሳታል።

በዚህ ጽሑፍ የሚከተሉት ቃላት እንደሚከተለው ተሠርቶባቸዋል።

አንጓ፦ በዛፉ ላይ ያለ ማንኛውም ተቋም ወይም አስተዳደራዊ እርከን፤ በባለሙያዎች ዘንድ በተለምዶ ኦርግ ዩኒት የሚባለው። ጤና ኬላም ሆነ ክልል አንጓ ነው።

ወላጅ፦ ከአንድ አንጓ በቀጥታ በላይ የሚገኘው አንጓ። ከአገር አቀፉ አንጓ በስተቀር እያንዳንዱ አንጓ አንድ ወላጅ ብቻ አለው።

ልጅ፦ ከአንድ አንጓ በቀጥታ ሥር የሚገኝ አንጓ።

ቅርንጫፍ፦ አንድ አንጓ ከሥሩ ካሉት ልጆች፣ የልጅ ልጆችና ተከታዮቻቸው ጋር በአንድነት።

እርከን፦ አንጓው ከላይ ሲቆጠር የሚገኝበት ደረጃ። አገር አቀፉ 1ኛ፣ ክልል 2ኛ፣ ዞን 3ኛ፣ ወረዳ 4ኛ እያለ ይቀጥላል።

መለያ፦ ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ አንጓ የሚሰጠው 11 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መጠሪያ። መለያው የቦታም ሆነ የእርከን ትርጉም የለውም፤ አንጓው ስሙም ሆነ ወላጁ ቢለወጥ መለያው አይለወጥም።

ማዛወር ሲባል ምን ማለት ነው?

ማዛወር ማለት የአንድን አንጓ ወላጅ መለወጥ ማለት ነው። ከዚህ ያለፈ ነገር አይደለም። አንጓው ስሙን፣ መለያውን፣ የተከፈተበትን ቀን፣ እንዲሞላቸው የተመደቡለትን የሪፖርት ቅጾችና እስከዚያ ቀን ድረስ ያስገባውን መረጃ ሁሉ እንደያዘ ይሄዳል። ከሥሩ ያሉት አንጓዎችም ሳይነካኩ አብረውት ይሄዳሉ። ችግኝ ከነሥሩና ከነአፈሩ ተነሥቶ በሌላ ስፍራ እንደሚተከል ሁሉ፣ ቅርንጫፉም በሙሉ ይዛወራል።

ስለዚህ ላይ አርማጭሆ ወረዳን ከአንድ ዞን ወደ ሌላ ለማዛወር በወረዳው ያሉትን ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች አንድ በአንድ ማዛወር አያስፈልግም። ወረዳው ሲዛወር ትክልድንጋይ ከተማ ውስጥ ያሉትም ሆኑ በገጠር ቀበሌዎች ያሉት ተቋማት ሁሉ አብረው ይዛወራሉ።

ማዛወርን ከሚከተሉት ሦስት ተግባራት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

መዝጋት፦ አንድ ተቋም በእርግጥ አገልግሎት ሲያቆም የመዘጊያ ቀን ይመዘገብለታል። ከዚያ ቀን በኋላ መረጃ ማስገባት አይቻልም፤ የቀድሞው መረጃ ግን ይቆያል።

መክፈል፦ አንድ አንጓ ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሲከፈል የሚሠራበት ነው። ሥርዓቱ የቀድሞውን መረጃ ለአዲሶቹ አያከፋፍልም፤ ዋና ተብሎ ለተመረጠው ለአንዱ ብቻ ያስተላልፋል።

ማዋሐድ፦ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አንጓዎች አንድ ሲሆኑ የሚሠራበት ነው።

ተጠሪነቱ ብቻ ለተለወጠ ተቋም ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም አይሠራም። የሚያስፈልገው ማዛወር ነው።

አዲስ አንጓ ከመክፈት ይልቅ ማዛወር ለምን ይመረጣል?

በተግባር በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ስሕተት ተቋሙን ከማዛወር ይልቅ በቀድሞው ቦታ ዘግቶ በአዲሱ ወላጅ ሥር በተመሳሳይ ስም አዲስ አንጓ መክፈት ነው። በላይ ሲታይ ውጤቱ አንድ ይመስላል፤ ስሙም፣ ቦታውም ትክክል ነው። ሆኖም አዲሱ አንጓ አዲስ መለያ ይሰጠዋል፤ ለሥርዓቱም ትናንት የተወለደ ተቋም ነው። የቀድሞው መረጃ በተዘጋው አንጓ ላይ ይቀራል።

የዚህን ክብደት ለመረዳት የወባ ወረርሽኝ ቅኝትን መመልከት ይበቃል። አንድ ጤና ተቋም በአንድ ሳምንት ያገኘው የወባ ሕሙማን ቁጥር ከተለመደው በላይ መሆኑን የሚለየው ካለፉት 5 ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንታት ጋር በማነጻጸር ነው። የ5 ዓመት መረጃ ካለ፣ ከአምስቱ ቁጥሮች መካከል ሁለተኛው ትልቅ ቁጥር የማስጠንቀቂያ ወሰን ይሆናል። የ5 ዓመት መረጃ ከሌለ ደግሞ ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት ቁጥር በ2 ተባዝቶ ወሰን ይሆናል።

ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ባለፉት 5 ዓመታት በተመሳሳይ ሳምንት የተመዘገቡት ሕሙማን በቅደም ተከተል 12፣ 20፣ 9፣ 15 እና 11 ናቸው እንበል። ሁለተኛው ትልቅ ቁጥር 15 ነው። በዘንድሮው ሳምንት 17 ሕሙማን ከተገኙ ወሰኑ ታልፏል፤ ባለሙያው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ምርመራም ይጀመራል። ይኸው ጤና ጣቢያ ከአንድ ዓመት በፊት እንደ አዲስ ተከፍቶ ቢሆንና ከሥርዓቱ የሚወጣለት ያለፈው ዓመት መረጃ ብቻ ቢሆን ግን፣ ወሰኑ የ11 እጥፍ፣ ማለትም 22 ይሆናል። 17ቱ ሕሙማን ከወሰኑ በታች ስለሚሆኑ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አንጓው የተከፈተው በዚህ ዓመት ከሆነ ደግሞ የሚነጻጸርበት ቁጥር ጭራሹኑ አይኖርም።

ታካሚዎቹ፣ ባለሙያዎቹና ምርመራው አንድ ሆነው ሳለ ወረርሽኙ የሚታወቅበት ጊዜ የሚለያየው አንጓው በመዛወሩ ወይም እንደ አዲስ በመከፈቱ ብቻ ነው። ከጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ወደ መተማና ወደ አርማጭሆ ቆላማ ስፍራዎች ለእርሻ ሥራ የሚወርዱ ሠራተኞች በየዓመቱ በሚመላለሱበት አካባቢ፣ የአንድ ሳምንት መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም።

ማዛወርን የሚጠይቁ ሁኔታዎች

የአስተዳደር እርከኖች ለውጥ በአገራችን በተደጋጋሚ ያጋጠመ ነው። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ተከፍሎ ሰሜን ጎንደር ዋና ከተማውን ደባርቅ፣ ማዕከላዊ ጎንደር ጎንደርን፣ ምዕራብ ጎንደር ደግሞ ገንዳ ውኃን አድርገው ተደራጅተዋል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ፣ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያና የደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሥርተዋል። በእያንዳንዱ ለውጥ በዛፉ ላይ ያሉ በርካታ ቅርንጫፎች አዲስ ወላጅ ያስፈልጋቸዋል።

ከእነዚህ ትልልቅ ለውጦች በተጨማሪ በየወረዳው የሚከናወኑ አነስተኛ ለውጦች አሉ። አዲስ ጤና ጣቢያ ሲገነባ ቀደም ሲል ለሌላ ጤና ጣቢያ ተጠሪ የነበሩ ጤና ኬላዎች ወደ እርሱ ይዛወራሉ። ቀበሌዎች ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ሲካለሉ ወይም ወደ ከተማ አስተዳደር ሲጠቃለሉም እንዲሁ ነው። እነዚህ ለውጦች አነስተኛ በመሆናቸው ሳይመዘገቡ የመታለፍ ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ከማዛወር በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው

የለውጡ ሕጋዊ መሠረት፦ ማዛወር የሚከናወነው ተጠሪነቱ በሚመለከተው አካል ተወስኖ በጽሑፍ ሲታወቅ ነው። ገና በውይይት ላይ ያለ አከላለል በሥርዓቱ ላይ አስቀድሞ አይሠራም።

የጊዜ ምርጫ፦ የጤና ተቋማት ወርኃዊ ሪፖርት ከወሩ 21 ቀን ጀምሮ እስከ ተከታዩ ወር 20 ቀን ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ማዛወር ሪፖርት በሚገባባቸው ቀናት መካከል ባይከናወን ይመረጣል። ከሁሉ የሚሻለው ያለፈው ወር ሪፖርት ተጠናቆ ከጸደቀ በኋላ ነው። የሚቻል ከሆነ የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ሐምሌ ይመረጣል።

ያልተላከ መረጃ፦ በስልክ፣ በታብሌት ወይም ከመስመር ውጭ በኮምፒዩተር የገባ መረጃ ካለ አስቀድሞ ወደ ማዕከሉ ሰርቨር መላክ አለበት።

መጠባበቂያ ቅጂ፦ የመረጃ ቋቱ ሙሉ ቅጂ ይያዛል። በተጨማሪም የሚዛወረውን አንጓና የሁለቱን ዞኖች ድምር የያዙ የቀደሙ ዓመታት ሠንጠረዦች ወጥተው በማኅደር ይቀመጣሉ። የዚህ ጥቅም ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ፈቃድ፦ አንጓ የማዛወር ሥልጣን በሥርዓቱ ውስጥ ለብቻው የሚሰጥ ነው። መረጃ የማስገባት ፈቃድ ያለው ሁሉ ማዛወር አይችልም።

የማዛወር ቅደም ተከተል

የገጹ መልክ እንደ ሥርዓቱ እትም ሊለያይ ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን የሚከተለው ነው።

1. «ሜንቴናንስ» የተባለውን ክፍል ከፍቶ የአደረጃጀት አንጓዎች የሚስተካከሉበትን ገጽ መምረጥ።

2. ከዚያ ገጽ «ሃይራርኪ ኦፕሬሽንስ» የሚለውን መክፈት። በገጹ ላይ አንድ ዓይነት ዛፍ በግራና በቀኝ ሁለት ጊዜ ይታያል።

3. በግራው ዛፍ ላይ የሚዛወረውን አንጓ መምረጥ። በምሳሌያችን ይህ ላይ አርማጭሆ ወረዳ ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አንጓ መምረጥ ይቻላል።

4. በቀኙ ዛፍ ላይ አዲሱን ወላጅ መምረጥ። በምሳሌያችን ይህ ማዕከላዊ ጎንደር ዞን ነው። ዞኑ በዛፉ ላይ ከሌለ አስቀድሞ መከፈት አለበት።

5. ሁለቱም ምርጫዎች ትክክል መሆናቸውን ከውሳኔው ደብዳቤ ጋር ማመሳከር። ላይ አርማጭሆ፣ ታች አርማጭሆና ምዕራብ አርማጭሆ ሦስት የተለያዩ ወረዳዎች ናቸው። ከስም መመሳሰል የሚመጣ ስሕተት ለመከላከል ከስሙ በተጨማሪ መለያውን ማየት ይገባል።

6. «ሙቭ» የሚለውን ቁልፍ መጫን። ለውጡ በግራው ዛፍ ላይ ወዲያውኑ ይታያል።

ሥርዓቱ አንድን አንጓ በራሱ ቅርንጫፍ ሥር ማዛወርን አይፈቅድም። አንድ ወረዳ በራሱ ጤና ጣቢያ ሥር ሊሆን አይችልምና።

አንጓው በስሕተት ከተዛወረ በዚሁ መንገድ ወደ ቀድሞው ወላጅ መመለስ ይቻላል። ማዛወር መረጃ ስለማያጠፋ ስሕተቱ ይታረማል። ስሕተቱ ሳይታወቅ ተጨማሪ አንጓዎች ከተከፈቱ፣ ከተዋሐዱ ወይም ከተዘጉ ግን መመለሱ አዳጋች ይሆናል።

ከማዛወር በኋላ የሚከናወኑ ተግባራት

የትንተና ሠንጠረዦችን ማደስ፦ ሪፖርቶች፣ ግራፎችና ካርታዎች የሚሠሩት አስቀድመው ከተዘጋጁ የትንተና ሠንጠረዦች ነው። እነዚህ ሠንጠረዦች በአብዛኛው ሌሊት በራሳቸው ይታደሳሉ። እስኪታደሱ ድረስ ዛፉ አዲሱን፣ ሪፖርቱ ደግሞ የቀድሞውን አደረጃጀት ሊያሳዩ ይችላሉ።

የተጠቃሚዎችን ምደባ ማስተካከል፦ አንድ ተጠቃሚ የሚያየው መረጃ በተመደበበት አንጓና ከዚያ በታች ያለውን ነው። በወረዳው ላይ የተመደበ ባለሙያ ምንም ለውጥ አይገጥመውም። በቀድሞው ዞን ላይ የተመደበ ባለሙያ ወረዳውን ከዚያ በኋላ ማየት አይችልም፤ በአዲሱ ዞን ላይ የተመደበው ግን ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ያየዋል። የዞን ባለሙያዎች ራሳቸው ወደ አዲሱ ዞን ከተዛወሩ ምደባቸው በእጅ መስተካከል አለበት።

በዞን ደረጃ የገባ መረጃን መመርመር፦ ከአንጓው ጋር የሚዛወረው በአንጓውና በልጆቹ ላይ የተመዘገበው ብቻ ነው። በቀድሞው ዞን ላይ በቀጥታ የገባ የሕዝብ ብዛት፣ የዕቅድ ግብ ወይም የዞን መጋዘን ክምችት እዚያው ይቀራል። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ2.9 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። ይህን መሰል ቁጥር በዞኑ አንጓ ላይ ተመዝግቦ ሳይስተካከል ቢቀር፣ በጥቂት ወረዳዎች የተሰጠ ክትባት ለሦስቱ ዞኖች ሕዝብ ይካፈላል፤ ሽፋኑም ከእውነቱ እጅግ ዝቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ በተቻለ መጠን የሕዝብ ብዛት በወረዳና በተቋም ደረጃ ቢመዘገብ ይመረጣል።

ኮድና ካርታን ማስተካከል፦ ከሥርዓቱ መለያ ውጭ ተቋማት የራሳቸው ኮድ ሊኖራቸው ይችላል። በኮዱ ውስጥ የዞን ወይም የወረዳ ቁጥር ከተካተተ፣ ከማዛወር በኋላ ኮዱ የተሳሳተ መረጃ ይሰጣል። እንደዚሁም የወረዳው ወሰን ከወረዳው ጋር ይሄዳል፤ የሁለቱ ዞኖች ወሰን ግን በካርታው ላይ በአዲስ መልክ መሠራት ይኖርበታል።

እርከንን የሚለውጥ ማዛወር

አንድ ወረዳ ከዞን ወደ ዞን ሲዛወር እርከኑ 4ኛ እንደሆነ ይቆያል። ልዩ ወረዳ ሆኖ በቀጥታ ለክልል ተጠሪ ቢደረግ ግን እርከኑ ወደ 3ኛ ከፍ ይላል፤ በሥሩ ያሉት ጤና ጣቢያዎች ደግሞ በ4ኛው እርከን ላይ ይገኛሉ። በዚህ ጊዜ «በ4ኛ እርከን ያሉ ወረዳዎች» ተብሎ የተዘጋጀ ሪፖርት ጤና ጣቢያዎችን ከወረዳዎች ጋር አደባልቆ ያወጣል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ቀደም ሲል ልዩ ወረዳ የነበሩት የምና ኮንታ በኋላ ዞን ሆነዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ በአንጓው ሥር አዲስ የወረዳ እርከን ይገባል፤ ተቋማቱም ወደ አዲሶቹ ወረዳዎች መዛወር ይኖርባቸዋል። ስለዚህ እርከንን የሚለውጥ ማዛወር ከመደረጉ በፊት በእርከን ላይ ተመሥርተው የተዘጋጁ ሪፖርቶች ሁሉ ተለይተው መታወቅ አለባቸው።

የስም መመሳሰልና የጊዜ ጉዳይ

መሣሪያውን የሚጠቀም ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ መሠረታዊ ባሕርይ አለ። ዛፉ የሚይዘው የዛሬውን አደረጃጀት ብቻ ነው። አንድ አንጓ ትናንት በማን ሥር እንደነበረ በዛፉ ላይ አይታይም። አንጓው ሲዛወር የቀደሙት ዓመታት መረጃውም ጭምር በአዲሱ ወላጅ ሥር ይደመራል።

ይህ በአንድ በኩል ጠቃሚ ነው። አዲስ የተደራጀ ዞን ከመመሥረቱ በፊት ያለውን የወረዳዎቹን አፈጻጸም ማየትና ዕቅዱን በዚያ ላይ መመሥረት ይችላል። በሌላ በኩል ግን ቀደም ሲል ከታተሙ ሪፖርቶች ጋር ልዩነት ይፈጥራል።

ሰሜን ጎንደር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከክፍፍሉ በፊት በታተመ ሪፖርት «ሰሜን ጎንደር ዞን» ሲባል ከደባርቅ እስከ መተማ፣ ከበለሳ እስከ ቋራ ያለውን ሰፊ አካባቢ ያጠቃልላል፤ ላይ አርማጭሆም በውስጡ አለ። ዛሬ በዚሁ ስም የሚጠራው ዞን ደባርቅን፣ ዳባትን፣ ጃናሞራን፣ በየዳን፣ አዲአርቃይንና ጠለምትን የመሳሰሉ ወረዳዎችን ብቻ ይይዛል። ስሙ አንድ ነው፤ የሚያመለክተው ግን የተለያየ ነው። የሁለቱን ጊዜያት ቁጥሮች ሳያጣራ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ እጅግ ያሽቆለቆለ ሊመስለው ይችላል። እንዲህ ያለው ንባብ የበጀት ድልድልን፣ የመድኃኒት አቅርቦትንና የባለሙያ ምደባን ሊያሳስት ይችላል።

ይህን ለመከላከል ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ከማዛወር በፊት የወጡትን ሠንጠረዦች ከነወጡበት ቀን በማኅደር ማስቀመጥ ነው። በኋላ ልዩነት ሲነሣ ማስረጃ የሚሆኑት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛው በሥርዓቱ ውስጥ «የቀድሞ ዞን» የሚል የቡድን ስብስብ መፍጠር ነው። እያንዳንዱ ወረዳ ከክፍፍሉ በፊት ይገኝበት በነበረው ዞን ቡድን ውስጥ ይመደባል። ስብስቡ ንዑስ እርከኖችን በትንተና እንዲያካትት ከተደረገ፣ ወረዳዎቹ በዛፉ ላይ ቢዛወሩም በቀድሞው አደረጃጀት የተጠናቀረ ሪፖርት በፈለጉት ጊዜ ማውጣት ይቻላል። ለጥናትና ለረጅም ጊዜ ንጽጽር ይህ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።

ሦስተኛው በየሪፖርቱ ግርጌ አደረጃጀቱ የየትኛው ዓመት እንደሆነ መግለጽ ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ የሚያስቀረው አለመግባባት ብዙ ነው።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ወረዳው በዛፉ ላይ ተዛውሮ በሪፖርት ግን በቀድሞው ዞን ሲታይ፦ የትንተና ሠንጠረዦቹ አልታደሱም። ካደሩ በኋላም ካልተስተካከለ የሥርዓቱ አስተዳዳሪ በእጅ እንዲያድሳቸው ይደረጋል።

አንድ ተቋም በሁለት ቦታ ሲታይ፦ አንዱ እንደ አዲስ የተከፈተ ነው። የቀደመ መረጃ ያለውን በመለያውና በተከፈተበት ቀን መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱም መረጃ ካላቸው የቀደመው አንጓ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይዛወራል፤ ቀጥሎም አዲሱ ከቀደመው ጋር ይዋሐዳል። መረጃ ያለውን አንጓ ለመሰረዝ መሞከር ተገቢ አይደለም።

የዞኑ ድምር ከወረዳዎቹ ድምር ሲለይ፦ በዞኑ አንጓ ላይ በቀጥታ የገባ መረጃ መኖሩን መመርመር ይገባል።

የሪፖርት አሟልቶ የመላክ ምጣኔ በድንገት ሲወርድ፦ ተዘግተው መዘጊያ ቀን ያልተመዘገበላቸው ወይም በሁለት ቦታ የተከፈቱ ተቋማት ሪፖርት ይጠበቅባቸዋል ተብለው እየተቆጠሩ ሊሆን ይችላል።

ከመስመር ውጭ የሚሠራ ተቋም የቀድሞውን ዛፍ ሲያሳይ፦ የተሻሻለው አደረጃጀት ወደ ተቋሙ ኮምፒዩተር አልወረደም። ግንኙነት ሲገኝ ማዘመን ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

አንጓ ማዛወር በቁልፍ ጭነት የሚፈጸም አጭር ሥራ ነው። ሥራውን ትክክለኛ የሚያደርገው ግን ከቁልፉ በፊትና በኋላ የሚደረገው ነው፤ ውሳኔውን ማመሳከር፣ የቀድሞውን መረጃ በማኅደር ማስቀመጥ፣ ተቋሙን እንደ አዲስ ከመክፈት መቆጠብና የተለወጠውን በግልጽ መመዝገብ።

ሥርዓቱ የተቋሙን ታሪክ ከተቋሙ ጋር እንዲጓዝ ያደርጋል፤ ተቋሙ በየትኛው ጊዜ በማን ሥር እንደነበረ ማስታወስ ግን የባለሙያውና የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነት ነው። ስለሆነም በየደረጃው የሚገኙ የመረጃ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ማዛወር የተከናወነበትን ቀን፣ የቀድሞውንና አዲሱን ወላጅ፣ የውሳኔውን ደብዳቤ ቁጥርና ሥራውን የፈጸመውን ባለሙያ የያዘ መዝገብ ሊኖራቸው ይገባል። ይህ መዝገብ ከዓመታት በኋላ ቁጥሮች ሲለያዩ ምክንያቱን ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ ይሆናል።